«ኦልዞው» ካልን «በት» ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ እንግዳ ለማስጎብኘት እየተለማመድኩ ነው። ጀልባው ላይ የምናገረውን በእንግሊዝኛ ጽፌ ለአንድ ጓደኛዬ አሳየሁት። እዚህች ላይ አሰመረበት፦

«ኦልዞው ውሚን ካን ቪዚት ዜጌ፣ በት ዜይ ካንት ቪዚት ክብራን ገብርኤል።»

«በት»ን አውጪው አለኝ። ለምን ስለው «እንዲሁ ነው» ብሎ አለፈኝ። እኛ ግን «ሴቶች ዜጌን መጎብኘት ቢችሉም ክብራን ገብርኤል ግን አይገቡም» ነው የምንለው። «ግን» ሲወጣ ነገሩ የጎደለ ይመስለኛል። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦
ጓደኛሽ ልክ ነው፤ ምክንያቱን አለመንገሩ ግን ቅር ይላል። ይህን ነገር እንግሊዝኛ ሳስተምር በየክፍሉ አገኘዋለሁ። ምንጩም ስንፍና ሳይሆን አማርኛችን ነው።

አማርኛ ማያያዣውን ግሱ ላይ ያስራል። «ቢችሉም» ስትዪ ከፊት «ቢ» አለ፣ ከኋላ «ም» አለ። ለሰሚው ይኸው በቂ ነበር። እኛ ግን «ግን» እንጨምራለን። ሲያሻን ደግሞ ከመነሻው «ምንም እንኳ» እንላለን። «ምንም እንኳ ዜጌን ቢጎበኙም ክብራን ግን አይገቡም»። አንዱን ነገር በሦስት ቦታ አሰርነው ማለት ነው። ማንም ስህተት ነው አይልሽም፤ እንዲያውም ለጆሮ ያምራል።

እንግሊዝኛ አንዴ ካሰረ በቃው። «በት» ከፊቱ ራሱን ችሎ የቆመ ዐረፍተ ነገር ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ የፊተኛውን በ«ኦልዞው» ጥገኛ አድርገሽዋል። ስለዚህ «በት» የሚደገፍበት አጣ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው፦

«ኦልዞው ውሚን ካን ቪዚት ዜጌ፣ ዜይ ካንት ቪዚት ክብራን ገብርኤል።»
«ውሚን ካን ቪዚት ዜጌ፣ በት ዜይ ካንት ቪዚት ክብራን ገብርኤል።»

እኔ ብሆን ለጀልባ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ሞተሩ እየጮኸ «ኦልዞው» ብለሽ ስትጀምሪ እንግዳው ሐሳቡ እስኪቋጭ መጠበቅ አለበት። «በት» ያለው ግን በየደረጃው ይገባዋል። ለጽሑፍ ከሆነ የመጀመሪያው ቆንጆ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዬት» («ግን» ማለት ናት) የምትለው ማያያዣ «ኦልዞው» ማለት ከሆነው ከ«ዞው» ጋር አብራ ስትመጣ ብታዪ አትደንግጪ። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኢዮብ 13፥15 ላይ «ዞው ሂ ስሌይ ሚ፣ ዬት ዊል አይ ትረስት ኢን ሂም» ይላል። ያ የቆየ አነጋገር ነው። ለ«በት» ግን አይሠራም።

ሌላ አባል፦
መምህር፣ «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንደዚሁ አይደሉም? «ቢኮዝ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ፣ ሶ ዊ ዊል ዌይት» የሚል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

መልስ፦
አዎ፣ ያው ነው። «ነፋሱ ስለበረታ፣ ስለዚህ እንጠብቃለን» ከሚለው አፋችን የመጣ ነው። ወይ «ቢኮዝ» ወይ «ሶ»።

እዚያው ላይ ሌላም ነገር አለ። የእኛ «ስለ» ከስምም ከግስም ጋር ይሄዳል። «ስለ ነፋሱ» እንላለን፣ «ስለበረታ»ም እንላለን። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ከኋላው ግስ ያለው ሐሳብ ከመጣ «ቢኮዝ»፣ ስም ብቻ ከመጣ «ቢኮዝ ኦፍ» ነው። ስለዚህ «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ዊንድ» ልክ ነው፤ «ቢኮዝ ዘ ዊንድ» ብሎ ማቆም አይቻልም። «ዲስፓይት»ም («…ቢኖርም» እንደማለት ነው) ስም ነው የሚፈልገው። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል ግን የለም፤ ከ«ኢን ስፓይት ኦፍ» ጋር ተምታቶ የመጣ ነው።

ጠያቂዋ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገና ገባኝ። ካላስቸገርኩ ይቺንም ይዩልኝ። ገዳም መግቢያ ላይ የምላት ናት፦ «አንለስ ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ቲኬት፣ ዩ ካንት ኢንተር።»

መልስ፦
ይቺን በማምጣትሽ ደስ ብሎኛል፤ ከ«በት» የባሰች ናትና። «ኦልዞው» ላይ «በት» ብትደርቢ እንግዳው ሐሳብሽን ይረዳዋል፣ ሰዋስውሽ ብቻ ነው የሚጎዳው። እዚህ ግን ትርጉሙ ራሱ ይገለበጣል።

በአማርኛ አስቢው። «ቲኬት ካልያዛችሁ በስተቀር አትገቡም።» «ካልያዛችሁ» ውስጥ አሉታ አለ፤ ያቺ «አል» ናት። «በስተቀር» ደግሞ ከኋላ ታጸናዋለች። «አንለስ» ግን ያንን አሉታ ውጦ ነው የሚመጣው። ብቻውን «ካል…» ማለት ነው። አንቺ «ዶንት» ስትጨምሪበት ሁለት አሉታ ሆነ። ቃል በቃል የሚሰማው እንዲህ ነው፦ መግባት የሚችለው ቲኬት የሌለው ብቻ ነው። ከፍሎ በእጁ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። «አንለስ ዩ ሃቭ ኤ ቲኬት፣ ዩ ካንት ኢንተር» በዪ። «ዶንት»ን ከወደድሻት «ኢፍ ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ቲኬት» ብለሽ ጀምሪ።

ይኸው አሉታ ሌላም ቦታ ይከተለናል። «ሳይመሽ እንመለስ» እንላለን፤ «ሳይ» አሉታ ነው። ስለዚህ «ቢፎር ኢት ዳዝንት ጌት ዳርክ» የሚሉ አሉ። «ቢፎር ኢት ጌትስ ዳርክ» ነው ትክክሉ። «ጀልባውም አስጎብኚውም አልመጡም» የሚለውም እንደዚሁ ነው። «ናይዘር ዘ ቦት ኖር ዘ ጋይድ ኬም» ብለን ግሱን ያለ «ኖት» እንተወዋለን። አሉታው «ናይዘር» ላይ አልቋል።

ሌላ አባል፦
በተቃራኒው አማርኛ የሚለየውን እንግሊዝኛ የማይለይበትም አለ እኮ። እኛ «ወይም» እና «ወይስ» አሉን፣ እነሱ ያላቸው «ኦር» ብቻ ነው። «ሻይ ወይስ ቡና?» ካልከኝ አንዱን ምረጪ ማለትህ ነው። «ሻይ ወይም ቡና ትፈልጊያለሽ?» ካልከኝ ግን «አዎ» ብዬ መመለስ እችላለሁ። ፈረንጁ ይህን በምን ይለየዋል?

መልስ፦
በድምፅ ነው፣ እህቴ። «ቲ ኦር ኮፊ» ሲል «ቲ» ላይ ድምፁን ከፍ፣ «ኮፊ» ላይ ዝቅ ካደረገ «ወይስ» ማለቱ ነው። እስከ መጨረሻው ከፍ እያለ ከሄደ «ወይም» ነው። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው እንግዳ የሚያስተናግዱ ልጆች ይህን ቢለማመዱት ይጠቅማቸዋል። መጽሐፍ ላይ ስለማይታይ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይቀራል።

ጠያቂዋ፦
የመጨረሻ፣ መምህር። የጉዞውን ቅደም ተከተል ስናገር «ኤንድ» በዛብኝ። «ዊ ቴክ ዘ ቦት ኤንድ ዊ ሪች ዜጌ ኤንድ ዊ ዎክ ኤንድ ዊ ሲ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ኤንድ ዊ ካም ባክ»።

መልስ፦
ሰዋስውሽ ልክ ነው፣ ግን ሰሚን ያደክማል። በአማርኛ «ተሳፍረን፣ ዜጌ ደርሰን፣ በእግር ሄደን፣ ዑራን አይተን እንመለሳለን» እንላለን፤ «እና» የሚባል አንድም የለበትም። ግሶቹ ራሳቸው ይያያዛሉ። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ግስ ስለሌለው በየመሀሉ «ኤንድ» የምትከቺ ይመስለኛል። ይልቅ «ዊ»ን አንዴ ብቻ በዪ፣ በየመሀሉ ነጠላ ሰረዝ አድርጊ፣ «ኤንድ»ን ከመጨረሻው ግስ በፊት ብቻ አስገቢ፦

«ዊ ቴክ ዘ ቦት ቱ ዜጌ፣ ዎክ ቱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ኤንድ ካም ባክ።»

«ሃውኤቨር»ን («ሆኖም» ማለት ናት) ግን ከእነዚህ ማያያዣዎች ጋር አትቁጠሪያት። ማያያዣ ትመስላለች እንጂ ሁለት ዐረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ አታያይዝም። ከፊቷ አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ፣ ከኋላዋ ነጠላ ሰረዝ አድርጊላት። ለጀልባው ንግግር ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግሽም፤ «በት» ይበቃሻል።