በጮቄ በኩል ወደ ሞጣ፦ ኮሮላ ይወጣዋል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጎጃምን መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ሐሳብ አካፍሉኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አባቴን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ሞጣ መሄድ አስቤያለሁ። በደጀንና በብቸና ዞሮ መሄድ ይቻላል። እኔ ግን የምፈልገው በጮቄ፣ በድጓ ጽዮን በኩል ነው። አባቴ በወጣትነቱ በእግሩ ያቋረጠው ተራራ ነው። ጅብራው ተገትሮ፣ ጓሳው በነፋስ ሲተኛ፣ ወረድ ሲሉ ደግሞ የገብሱ ማሳ፤ ይህን ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አንዴ ደግሞ እንዲያየው በጣም እፈልጋለሁ።

የቸገረኝ መኪናው ነው። ያለኝ ሆዱ ዝቅ ያለ አሮጌ ኮሮላ ነው። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። አራት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ዳገቱን ይወጣዋል? ቁልቁለቱስ? በከባድ ማርሽ ብወርድም ፍሬኑ እንዳይግል እፈራለሁ። ጭቃውስ ቶሎ ይደርቃል ወይስ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልታገስ?

አባቴ ደም ግፊት አለበት። ሐኪሙን ሳላማክር አልነሳም። ላይ ማደሩንም ትቼዋለሁ፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ከማርቆስ ብንነሳ ሳይመሽ ሞጣ እንገባለን? ምሳስ ድጓ ጽዮን እንበላለን?

የመንገዱን ሰላም በሰሞኑ እዚያው ያሉ ዘመዶቼን ጠይቄ ነው የምወስነው። በቅርቡ ያለፈበት ሹፌር ካለ ቁርጡን ይንገረኝ፦ በኮሮላው ልሞክር ወይስ ላንድክሩዘር ልከራይ?