የግቢያችን መስመር ቅብ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችንን አብረን እንጻፍ

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ባለፈው ስብሰባ ሱቆቹ፣ መጋዘኑና እንግዳ ማረፊያው የምንጋራውን ግቢ የመኪና ማቆሚያ መስመር በየፊናችን ሳይሆን በጋራ እናሠራ ተባብለን ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ደርሶኛል። ትልቁ የትንሹን እጥፍ አልፏል። ግራ ቢገባኝ ሦስቱንም ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኳቸው። ለካ የሚያወሩት ስለ አንድ ሥራ አይደለም። አንዱ «መስመር መቀባት» ብሎ ድምር ብቻ ጽፏል። ሁለተኛው በመኪና ቁጥር አስልቷል። ሦስተኛው በሜትር አስልቶ ማጽዳቱን ለብቻው አስቀምጧል። ቫት የጨመረው አንዱ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ዝም ብለዋል። 15 በመቶ ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት የምንፈልገውን ሥራ ራሳችን እንጻፈው። ያንኑ ወረቀት ለሦስቱም እንስጥ። የምታውቁትን ሁሉ እዚህ ጻፉልኝ፣ እኔ እያጠናቀርኩ ረቂቁን አስተካክላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ጎሽ፣ ጥሩ አስበሃል። እኔ የሚያሳስበኝ ቀለሙ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ምን ያህል እንደወጣ ሁላችንም በሱቃችን አይተነዋል። ለምን ቀለሙን ራሳችን ገዝተን ቀቢ በቀን አንቀጥርም? ብዙ የምናተርፍ ይመስለኛል።

የግንባታ ዕቃ መደብር፦
እትዬ፣ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ከሰዓት ሜትሮ ይዤ ወርጄ ለካሁት። ከፊት ያለው አስፋልት ላይ ጀርባ ለጀርባ ሁለት ረድፍ ይወጣል፣ በእያንዳንዱ 20 መኪና። የአንዱ ማቆሚያ ወርድ 2.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። የጎኑን መስመር ጎረቤትና ጎረቤት ይጋሩታል። ስለዚህ የሚሰመረው 21 መስመር ነው፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር። 210 ሜትር መሆኑ ነው። መሃል ላይ ሁለቱን ረድፍ የሚለየው 50 ሜትር አለ። ድምሩ 260 ሜትር።

አሁን በመኪና ቁጥር ያሰላውን ፕሮፎርማ እዩልኝ። ለእያንዳንዱ ማቆሚያ ሁለት ጎንና አንድ ራስጌ ቆጥሯል፣ 12.5 ሜትር። በ40 ሲባዛ 500 ሜትር ይሆናል። የምንጋራውን መስመር ሁለት ጊዜ ልንከፍልበት ነበር።

ቀለሙስ? መስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። 260 ሜትሩ 26 ካሬ ሜትር ይሆናል። እርጥቡ ቀለም 0.38 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ከተቀባ፣ ለመኪና ማቆሚያ የተለመደውም እሱ ነው፣ 10 ሊትር ይበቃል። ሁለት እጅ ቢቀባ 20 ሊትር። አንድ ባልዲ ማለት ነው፣ እትዬ። ክርክራችን በቀለሙ ላይ ብቻ ከሆነ የምናተርፈው ከአንድ ባልዲ ዋጋ ላይ ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ከቀለሙ በፊት በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ባልዲ! ይህን ባለማወቄ ቆጨኝ። እንግዲያው ቀሪው ገንዘብ የሚሄደው ወዴት ነው?

ባለመጋዘኑ፦
ልጄ፣ ወዴት እንደሚሄድ እኔን ጠይቂኝ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ የመጋዘኔን ደጅ ኮንክሪት ለብቻዬ አስቀባሁ። ያስቀባሁት ሰው ዋጋው ርካሽ ነበር። በአንድ ጠዋት ጠርጎ፣ ቀብቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። መስከረም ሳያልቅ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። የአይሱዙ ጎማ ይዞት ሲሄድ ቆሜ አየሁ። አሁን ያ የተላጠ ቀለም ተፍቆ ካልተነሳ አዲሱ አይይዝም እያሉኝ ነው። ለማስፋቅ የተጠየቅሁት ለማስቀባት ከከፈልኩት ይበልጣል። አንድ ጊዜ በደንብ አስከፍሎ በደንብ የሚሠራልኝ ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀቢው፦
ጋሼ፣ አዝናለሁ። ጸሐፊው ጋብዞኝ ነው የገባሁት። ይህን ሥራ ለመሥራት ዋጋ አልሰጠሁም፣ ስለዚህ በነፃነት ልናገር።

የእርስዎ ደጅ ሦስት ችግር አለበት። አንደኛው ዘይት ነው። መኪና እየቆመ የሚያንጠባጥበው ዘይት ኮንክሪቱ ውስጥ ይገባል። በውኃ ብቻ አይወጣም። ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና በሽቦ ቡርሽ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ይህ ቀን ይበላል፣ ቀን ደግሞ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የኮንክሪቱ ፊት ነው። ሲለሰን ላዩ ላይ የሚቀረው ደካማ የሲሚንቶ ስስ ሽፋን በግራይንደር ካልተነሳ ቀለሙ የሚይዘው ያንን ደካማ ቆዳ ነው። ቆዳው ሲነሳ ቀለሙም አብሮ ይነሳል። ሦስተኛውና ዋናው እርጥበት ነው። ደጁ ዝቅ ያለና ወደ ጣና ሐይቅ የቀረበ ነው። ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውኃ ከሥር ወደ ላይ ይተፋል። ከላይ ደረቅ ቢመስልም ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል።

ይህን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ። 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ኮንክሪቱ ላይ ይለጥፉ። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ። ከቀኑ 10 ሰዓት የለጠፉትን በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ያንሱት። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ቀለም አይቀባበትም። ምንም ወጪ የለውም።

ባለመጋዘኑ፦
ተባረክ። ዛሬውኑ እለጥፋለሁ።

የእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ፦
ከእኛ በኩል ሁለት ነገር። አውቶብስ ይዘው የሚመጡ እንግዶች አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ ነው የሚደርሱት። በር ላይ ያለው መስመር በመብራት መታየት አለበት። ለዚህ ቀለሙ ሳይደርቅ የመስታወት ዶቃ ይረጫል ይባላል። ዋጋ ይጨምራል? ደግሞስ ለጥምቀት ይደርስልናል? ጥር ላይ ግቢው ይሞላል።

ቀቢው፦
ይጨምራል፣ ዶቃውም ከውጭ ነው የሚገባው። ግን ሁሉም መስመር ላይ አያስፈልግም። መኪና የሚታጠፍበትና እግረኛ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ብቻ ይረጭ። የማቆሚያው መስመር ላይ ቢረጭ ገንዘቡን ጎማ ሥር መቅበር ነው። እንደዚሁ ሁለተኛውም እጅ ለሁሉም አይሁን። ጎማ ቆሞ የሚዞርበት ቦታ ቀለም ይበላል፣ መግቢያውና መታጠፊያው ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሌላው በአንድ እጅ ይበቃዋል።

ቀስት፣ የአካል ጉዳተኛ ምልክትና ፊደል ግን በሜትር አይታሰቡም። በቁጥር ነው የሚከፈሉት። ለእያንዳንዱ ቅርጽ ተቆርጦ ይለጠፋል፣ በጥንቃቄ ይነሳል። ትንሽ ቀለም፣ ብዙ ሰዓት።

የእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ፦
የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያው እንዳይቀር አደራ። በጎኑ ወንበሩ የሚወርድበት ክፍት ቦታ ይኑረው፣ ያውም ከመግቢያው አጠገብ። ባለፈው አንዲት እናት በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው መኪናው በሁለት መኪና መሃል ተጣብቆ በሩ አልከፈት አለ። ልጃቸው ተሸክሞ አወጣቸው። ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም። ከዚህ ቦታ ላይ ወጪ አይቀነስ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ይህ ያለ ክርክር ገብቷል። ሁለት ማቆሚያ ይሁን ብያለሁ።

የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፦
የእኛ መተላለፊያ ኮብልስቶን ነው። እዚያስ?

ቀቢው፦
እውነቱን ልንገርዎ፣ አይቀባ። ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ከአስፋልት በጣም የበለጠ ይጠጣል፣ የድንጋዩ አናት ላይ ያለው ደግሞ ቶሎ ይፋቃል። ሁለት ባለቀለም ግንድ ወይም የአበባ ገንዳ ጫፍና ጫፍ ላይ ማቆም ይሻላል።

የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፦
ገባኝ። የእኛን ድርሻ ከሜትሩ ቀንሱት፣ ለጋራው መግቢያ ግን እናዋጣለን።

የግንባታ ዕቃ መደብር፦
ስለ ትኩሱ ቅብ አንድ ነገር። እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት የሚነጠፈው ዓይነት አለ። ዋና መንገድ ላይ የምናየው ነው። ከቀለም ብዙ ዓመት ይበልጣል። ግን ማቅለጫ ድስቱ፣ ጋዙ፣ መኪናውና ባለሙያው ከሩቅ መምጣት አለባቸው። ለእኛ ጥቂት ካሬ ሜትር ያን ሁሉ ማስመጣት አያዋጣም። በቀለም እንሥራ፣ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ እናድሰው። እድሳት ደግሞ ይረክሳል። የመጀመሪያው ጊዜ የሚከብደው በስፓጎ ክርና በጠመኔ ልኩን ማውጣቱ ነው፣ በኋላ በነበረው ላይ መሄድ ብቻ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ አስፋልቱ ላይ ነጭ፣ ኮንክሪቱ ላይ ቢጫ ይሁን። ነጭ ግራጫ ላይ ይጠፋል። ቢጫው ግን እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። በአገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል ማለፍ የለበትም።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ እርሳስ ካነሳህ አይቀር፣ የቡርሹ እጣቢና የተረፈው የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ የት ነው የሚደፋው? ከግቢያችን የሚወጣው ቦይ መጨረሻው ጣና ነው። ሐይቁ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። እጣቢው በጀሪካን ተይዞ ይውጣ። ዋጋ ቢጨምርም ይጨምር፣ እኔ በዚህ አልከራከርም።

ባለመጋዘኑ፦
እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። የሚፋቀው አሮጌ ቀለምም በጆንያ ይሰብሰብ። ወደ ቦዩ እንዳይጠረግ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። አሁን ሰዓቱን እንነጋገር። ግቢውን መዝጋት ለሁላችንም ኪሳራ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ አይሞከርም። እሑድ ደግሞ ሠራተኞቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛም እንደዚያው።

ቀቢው፦
ሰኞና ማክሰኞ ግማሽ ግማሹን ብትዘጉ ይሻላል። ቡድኑ አንድ ሌሊት እዚሁ አድሮ ሁለቱንም ይጨርሳል፣ የመጓጓዣ ሁለት ጊዜ አትከፍሉም። የሚቀባው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። በሐይቁ ዳር ጠዋት ጤዛ አለ። ጤዛ በያዘ ወለል ላይ የተቀባ ቀለም ምንም ጥሩ ቢሆን ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጣና ነፋስ ይነሳል፣ የሚረጨውን ቀለም የቆመ መኪና ላይ ያመጣዋል። መከለያ ሰሌዳ መያዛቸውን ጠይቁ። ሠርቶ የሚጨርስ ቡድን በቀን የሚያገኘው ጥሩ ሰዓት ጥቂት ነው። ዋጋው ውስጥ ይህም አለ።

ገንዘብ ያዥ፦
ክፍያው እንዴት ይሁን? እኔ ሲጀምሩ 30 በመቶ፣ ሲጨርሱ 60 በመቶ፣ 10 በመቶ ደግሞ የሚቀጥለው ክረምት አልፎ እስኪታይ ይያዝ እላለሁ።

ቀቢው፦
እትዬ፣ ክረምት እስኪያልፍ ሩቅ ነው። ትንሽ ቀቢ ያን ያህል ገንዘብ አይችልም፣ ችሎ የሚቆየው ደግሞ አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይጨምርባችኋል። ቀለም ከወለሉ ጋር ካልተስማማ በሦስት ወር ውስጥ ራሱን ያጋልጣል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሦስት ወር ይሁን። አሳመንከኝ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
እስካሁን ያጠናቀርኩት ይኸው። «ሥራው በተያያዘው ንድፍ መሠረት በአስፋልቱ ላይ 260 ሜትር ነጭ መስመር ነው፤ የመጋዘኑ ደጅና መግቢያው ተለክተው በሜትር ይጨመራሉ። ዋጋው በሜትር፣ ምልክቶች በቁጥር፣ ማጽዳትና መፋቅ በካሬ ሜትር፣ መጓጓዣ ለብቻው ይጻፍ። ቫት መካተቱ በግልጽ ይነገር። የቀለሙ ዓይነትና የሚቀባው ውፍረት ይገለጽ። እጣቢና ፍቅፋቂ ከግቢው ተሰብስቦ ይወጣል። ዋጋው ለ30 ቀን የጸና ይሁን።» ጥቅምት አጋማሽ ላይ ብንጀምርስ?

ባለመጋዘኑ፦
ቆይ ልጄ። አሁን ነው ላስቲኩን ያነሳሁት። ፎቶውን ልኬላችኋለሁ። ከሥሩ የውኃ ጠብታ እንደ ላብ ተደርድሯል። ላስቲኩ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠቁሯል። በእጄ ዳሰስኩት፣ ይቀዘቅዛል። ባለፈው ዓመት ገንዘቤ የሄደው በዚህ ነበር። እናንተ በጥቅምት ጀምሩ፣ የእኔ በኋላ ይሠራ።

ገንዘብ ያዥ፦
አይሆንም ጋሼ። የእርስዎ ለብቻው ከቀረ ቡድኑ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ለትንሽ ሥራ የሚጠየቀው ዋጋ ደግሞ ከትልቁ ብዙም አይርቅም። በጋራ እናሠራ ያልነው ለዚህ አይደል? ሁላችንም ኅዳር እንጠብቅ። ለጥምቀትም ይደርሳል።

የእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ፦
ኅዳር ይመቸናል።

የግንባታ ዕቃ መደብር፦
እኔም እስማማለሁ። በዚያ መሃል የአስፋልቱን ጉድጓድ እናስደፍናለን፣ አንድ ወር ይረፍበትና ቀለም ይቀበላል።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲያው ኅዳር ብዬ አስተካክያለሁ። የ30 ቀኑ ዋጋ እንዳያልፍብን ፕሮፎርማውን የምንሰበስበው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ጋሼ፣ በየሁለት ሳምንቱ ላስቲኩን ይለጥፉልን። ደረቅ ብሎ እስኪወጣ ቀን አንቆርጥም። ረቂቁ ሐሙስ እኔ ሱቅ ነው፣ መጥታችሁ ፈርሙ።