«ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለቤቱ፣ ከጎንደር ነኝ። ጎረቤታችን ስለ ሁለት ወንድማማቾች ሲያወራ ይህን ተረት ጣል አደረገ። ግን እኮ ዱባም ቅልም ሐረግ ናቸው፤ ሁለቱም አጥር ላይ ይሳባሉ። ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? «ለየቅል» ውስጥ ያለውስ ራሱ ቅሉ ነው?

መልስ፦ እዚህ ላይ «ለየቅል» ለየብቻ፣ ለየራሱ ማለት ነው እህቴ። «ሐሳባችን ለየቅል ነው» እንል የለ? ተረቱ የሚነገረው ላይ ላዩን ለሚመሳሰሉ፣ ጠባያቸው ግን ለማይገጥም ሰዎች ነው። ስድብ አይደለም፤ እንደ አነጋገሩ ግን ሽሙጥ ይሆናል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ስለ አበቃቀሉ ልጨምር። ዱባና ቅል የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ሁለቱም ክር የመሰለ መያዣ ያወጣሉ። ክሩ እንጨት ሲነካ የነካው ጎን እድገቱ ይዘገያል፣ ተቃራኒው ይፈጥናል፤ እየተጠመዘዘ የሚይዘው ለዚህ ነው። ልዩነቱን ከፈለግሽ አበባቸውን እዪ። የዱባው ቢጫ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይፈካል፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይከደናል። ደንበኛው ንብ ነው። የቅሉ ነጭ ነው፤ የሚፈካው ወደ ማታ ሲሆን የእሳት ራት በሌሊት ይጎበኘዋል። ተረቱን ያወጣው ሰው ይህን አይቶ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ግን ልክ ገብቶለታል። ደግሞ ዱባ ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እናቶቻችን ወተት የሚገፉበት ቅል የአፍሪካ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የእኛ ዱባ ግን አበባው እየረገፈ አስቸገረን። እማዬ «በእንጭጩ ቀረ» ትላለች። ትክክል ናት?

መልስ፦ የትኛው አበባ ነው የረገፈው? ቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው፤ እነሱ ቢረግፉ አትደንግጪ፣ ድሮም አያፈሩም። ሴቷ ከአበባዋ ሥር ድንቢጥ ዱባ ይዛ ነው የምትወጣው። እንጭጭ የሚባለው ያ ለጋ ፍሬ ነው። እምቡጥ ደግሞ ገና ያልፈካው አበባ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ንብ የወንዱን ዱቄት ካላመጣላት እንጭጩ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ያኔ እማማ ልክ ናቸው። «ነገሩ በእንጭጩ ተቀጨ» የምንለውም ይኸው ነው። ክረምቱ ሲበረታ ንብ ብዙም አይወጣም፤ ስለዚህ በማለዳ የወንዱን አበባ ቀጥፈሽ ዱቄቱን የሴቷ መሃል ላይ ነካ ነካ አድርጊው።