ለአሮጌ ጭቃ ቤት ግድግዳ፦ ሲሚንቶ፣ ጄሶ ወይስ ኖራ?

የድሮ ቤት ግድግዳ በምን ላሳድስ፣ ማንን ልጥራ ላላችሁኝ የማውቀውን ልንገራችሁ። የማወራው ስለ ጭቃ ቤት ነው። ፒያሳና ጉለሌ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ታች ድንጋይ፣ ላይ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የቦካ ጭቃ። ከአያታችን የወረስነው ቤትም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የጠራነው የፊኒሺንግ ሥራ የሚሠራ ተቋራጭ ነበር። ሽቦ ወጥሮ በሲሚንቶ ለሰነልን። ሲያልቅ ያምር ነበር። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ግን ልስኑ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ብናነሳው ጭቃው እርጥብ፣ ማገሩ የበሰበሰ፣ ምስጥም የገባበት ሆኖ አገኘነው። እናቴ አለቀሰች።

የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል። ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተርም ሲሚንቶው ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ የድንጋይ ሥራ ቢሆንም፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣሊያኖች በሲሚንቶ የጠገኑት ኋላ ተነስቶ በኖራ ተተክቷል።

ጄሶ ለውስጥ ግድግዳ፣ ያውም ለደረቅ ክፍል፣ አይከፋም። ቶሎ ይደርቃል፣ ልሙጥ ይሆናል። እርጥበት ያለበት የግድግዳ እግር ላይ ግን ይረግፋል። ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባው ማለስለሻ) ለብሎኬት ቤት ይሁን፤ በቀጥታ ጭቃ ላይ አልመክርም።

እኔ የምመርጠው ኖራ ነው። ግን በቀጥታ አይደለም። መጀመሪያ የተጎዳው በጭቃ ይመረጋል፣ ይደርቃል፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ይሞላል። ከዚያ በላዩ ስስ የኖራ ልስን፤ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ በወንፊት የተነፋ አሸዋ። ኖራው የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ እያለ ሲዋሃድ ስለሆነ፣ ለጥቂት ቀናት ውኃ እየረጫችሁ ከፀሐይ ጠብቁት። ስትገዙ ከረጢቱን እዩ። ተቀዶ የከረመ ኖራ ከአየር ጋር ተዋህዶ ኃይሉን ጨርሷል፤ ርካሽ ቢሆንም አይጠቅምም። ያልበረደ ኖራ ከሆነ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት የሌለው ሰው አይንካው።

ለቀለም የዘይት ቀለም ተዉት፤ እሱም እንደ ሲሚንቶው ግድግዳውን ያፍናል። በውኃ የቀጠነ ኖራ ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። እኛ ትንሽ ቢጫ አፈር ጨምረንበት ሳሎኑ እንደ ልጅነታችን ሆነ።

ባለሙያን በተመለከተ፣ ትልቅ ድርጅት ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። እኛን ያዳኑን ከገጠር የመጡ፣ ምርጊት ከአባታቸው የተማሩ አንድ አዛውንት ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው ስታገኙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ጭቃውን ስንት ቀን ያቦኩታል?» ጭድ ገብቶበት፣ እየተረገጠ፣ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ካልቆየ ጥሩ አድርጎ አይይዝም። «ዛሬ አቡክቼ ዛሬ እለጥፋለሁ» ያለውን አመስግናችሁ ሸኙት። ክፍያውም በካሬ ሳይሆን በቀን ይሁን። በካሬ የተዋዋለ ሰው ይቸኩላል፣ ይህ ሥራ ደግሞ ችኮላ አይወድም።

ከሁሉ በፊት ግን አሸንዳውንና ጣሪያውን አስጠግኑ። ውኃው ካልቆመ የግድግዳው ወጪ ከንቱ ነው። ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነም ሳታስፈቅዱ አትንኩት፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ፈቃድ ይጠይቃል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የእኛ የጓሮ ግድግዳ ገና ሲሚንቶውን እንደለበሰ ነው፤ ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ ማንሳት እንጀምራለን። በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ቢመጣ ደስ ይለናል።