ለእንጨት ሥራ ቤቴ ግድግዳ የሚሆን አባባል አማክሩኝ

አናጺው፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮተቤ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አራት ወጣቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ግን ይቸኩላሉ። ኮላው ሳይደርቅ እንጨቱን አጥብቆ የያዘውን ሞርሳ ይፈታሉ። በብርጭቆ ወረቀት አንዴ አሸት አድርገው ወደ ቫርኒሽ ይሮጣሉ። ስናገራቸው «እሺ» ይላሉ፤ በነጋታው ያው ነው። መግቢያው ላይ በትልቁ አንድ አባባል ላጽፍ አስቤአለሁ። ስለ ሥራና ስለ ሙያ ከወላጆቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ። የታዋቂ ሰውም ይሁን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ግን ይቅር። ከመልመዳቸው የተነሳ አይሰሙትም።

የማርቆሷ፦
«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ላንተ ቤት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቁልፍ ስተክል ክሩን ሳልቋጭ ከበጠስኩ ይህችኑ ትለኛለች፤ ከዚያ ታስፈታኛለች። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»ም አለ፤ እሱ ግን ገና ለጀመረ ልጅ ነው የሚሆነው።

የአሰላው፦
እኔ የኃይሌን «ይቻላል» እመርጣለሁ። መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያንን ሩጫ ያየ ሰው ቃሏን አይረሳትም።

አናጺው፦
ኃይሌን ማን ይጠላል! ግን የኔ ልጆች «ይቻላል»ን ካዩ በአንድ ቀን ቁም ሳጥን ጨርሰው ያስረክቡኛል።

የአሰላው፦
ወንድም፣ ሰውየው ልጅ ሆኖ ደብተሩን በብብቱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ከቃሉ ጀርባ ስንት ዓመት እንዳለ ንገራቸው።

የሸማኔ ልጅ፦
እኔ ትንሽ ልለይ። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ለጥምቀት የሠራውን ጥበብ ለብሰው የሚያምሩ ሰዎች ሙያውን ለስድብ ሲጠሩት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የእኛ አገር አባባል ሁሉ ሥራን የሚያከብር አይደለም። አራሹን «አፈር ገፊ»፣ ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ» ያልነው እኛው ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ጽሕፈት የሚያውቀውን ሳይቀር በሙያው መስደብ ይቅር አሉ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዘልቆ እኔ ጋ ደርሷል።

ስለዚህ ልጆችህ ለምን ይቸኩላሉ? ብዙ ወጣት የእጅ ሥራን «ሌላ እስካገኝ» ብሎ ነው የሚይዘው። የሚያልፍበት ነገር ላይ ማን ይጠነቀቃል? በተግሳጽ ላይ ሌላ ተግሳጽ ብትሰቅልባቸው ለውጥ አይመጣም። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» ብለህ ጻፍ። እሱም ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ የሠራው ዕቃ ሥር ስሙን ይጻፍ። አባቴ ጥለቱን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል፤ የሰፈሩ ሸማኔም የእሱን ያውቃል። ስሙ የሚታወቅ ሰው ክሩን አያሳስትም።

የማርቆሷ፦
ይሄ ልቤን ነካው። አባትህን ሰላም በልልኝ።

አናጺው፦
ተባረኩ። መግቢያው ላይ «ሥራ ለሠሪው»ን አጽፋለሁ። ሞርሳው አጠገብ የማርቆሷን። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ስማቸውን በመሳቢያው ውስጥ ይጽፋሉ። የሚያውቅ ካለ አንድ ጥያቄ፦ ቫርኒሽ ሥር የማይደበዝዝ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ወይስ በጋለ ብረት ብናስቃጥለው ይሻላል?