መብራት ሲጠፋ ብርጭቆዬ ይሰነጠቃል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ጣና ዳር ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ብርጭቆ መንፋት እየተማርኩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መምህራችን ሠርቶ ያሳየናል። የቀለጠው ብርጭቆ በብረት ቱቦው ጫፍ እየተዝለገለገ ሲዞር ማየት ብቻውን ሱስ ያስይዛል!

መንፋቱስ እየመጣልኝ ነው። የቸገረኝ ማብረዱ ነው። የተሠራው ዕቃ 500 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገብቶ ቀስ እያለ መብረድ አለበት። አለዚያ ውጪው ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ ሲኮማተር ይወጣጠራል። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ሌሊት ላይ እልም ይላል። ጠዋት ምድጃውን ስከፍት ኩባያው ከሥሩ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ይጠብቀኛል። ሁሌም የሚሄደው ወፍራሙ ሥር ነው፤ ስሱ አፉ ደህና ነው።

ጀነሬተር አትበሉኝ፣ አቅሙ የለም። ምድጃውን ዙሪያውን ጡብ ብደርብበት ሙቀቱን ይይዝልኛል? ትንንሹን ዕቃስ ትኩስ አመድ ውስጥ ብቀብረው? ሌላም አለ። የቢራ ጠርሙስ ሰባብሬ ከስቱዲዮው ብርጭቆ ጋር ልቀላቅል ብል መምህሩ «ሲበርዱ የሚኮማተሩበት መጠን ይለያያል፣ ይሰነጠቅብሃል» አለኝ። ጠርሙሱን ለብቻው ማቅለጥስ ያዋጣል? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ምድጃችሁን በምን እንደሸፈናችሁ ጭምር ጻፉልኝ።