ከጨርቅ የምትሰፋ ዘማሪ ወፍ፦ መንቁሯና አንገቷ አልስተካከል አለኝ

ክርና መርፌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ትንሽ ወፍ በእጄ እየሰፋሁ ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ ስትዘምር እንድትታይ ነው የምፈልገው። ጨርቁ ስስ ጥጥ ነው፤ ሁለት ጎንና አንድ የሆድ ቁራጭ አላት። ከመንቁር እስከ ጅራት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ግን ገልብጬ ስሞላት መንቁሯ ይደፈጠጣል፣ አንገቷም ላይ ጨርቁ ይጨማደዳል። ለእናቴ የልደት ስጦታ ስለሆነች አምራ ብትወጣልኝ ደስ ይለኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ባለ መቀስ፦
የአንገቷ ነገር ቀላል ነው። ከስፌቱ ውጭ የተረፈውን ጨርቅ በመቀስ ጫፍ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጊው። ክሩ ጋ ለመድረስ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀርሽ አቁሚ። አንገት ወደ ውስጥ የገባ ኩርባ ነው፤ ሲገለበጥ ዳሩ መለጠጥ አለበት፣ ካልተሰነጠቀ ግን ጨርቁን ይዞ ይጎትተዋል። ደረቷ ላይ ተቃራኒው ነው። እዚያ ትርፉ ስለሚደራረብ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እየቆረጥሽ አውጪለት።

እማማ ጥልፍ፦
ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ስለ መንቁሩ ልንገርሽ። በዚህ መጠን መንቁርን ከገላዋ ጋር አብሮ ሰፍቶ መገልበጥ ትርፉ ድካም ነው። ጫፉ ውስጥ የሚታጨቀው ጨርቅ ከመንቁሩ ይበልጣል፣ እንዴት ይሹል? ወፏን መልሰሽ ገልብጫትና ፊቷን ክብ አድርገሽ ስፊው። ከዚያ የድሮውን መንቁር ቁረጪው።

አዲሱን መንቁር ዳሩ ከማይተረተር ጨርቅ ሥሪው፤ ፌልት (ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የሚሠራ ጨርቅ) ካለሽ እሱ ነው ደጉ። እንደ መጫወቻ ካርታው ካሮ ቅርጽ ትንሽ ቁራጭ ቁረጪና መሃሉ ላይ እጠፊው። እጥፋቱን ፊቷ ላይ ስትሰፊው ሁለቱ ጫፎች ከፈት ብለው ይቀራሉ። ዘማሪ አይደለች? አፏ ይከፈት እንጂ!

ስትሞያት ጥጡን በጣቶችሽ አባዝተሽ በትንሽ በትንሹ አስገቢ። አንድ ትልቅ ጉብታ ከከተትሽ በጨርቁ ላይ ያስታውቃል። መጀመሪያ ጭንቅላቷን፣ ቀጥሎ አንገቷን ጠበቅ አድርጊ። አንገት ከላላ ጭንቅላቷ ይዘነበላል፣ የምትዘምር ሳይሆን የምታንቀላፋ ትመስላለች። ደረቷን ሞላ አድርጊው፣ ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነውና። ጅራቷን ግን ምንም አትሙያት። ጠፍጣፋ ሆና ሁለት መስመር ስፌት ቢያልፍባት ላባ ትመስላለች።

ዓይኗን ከመስፋትሽ በፊት እባክሽ ባለ ራስ እስፒል ሰክተሽ ከሩቅ እዪያት። የዘማሪ ወፍ ዓይን ከመንቁሩ ማዕዘን ብዙ አይርቅም። ወደ ላይና ወደ ኋላ ከሸሸ የሌላ ወፍ ፊት ይሆናል። ቦታውን ስታገኚ ጥቁር ዶቃ ስፊ፤ ክሩን በጭንቅላቷ ውስጥ ወደ ሌላኛው ዓይን አሻግረሽ በትንሹ ሳብ አድርጊው። ዓይኖቿ ጎድጎድ ብለው ይገባሉ፣ ያኔ ነው ነፍስ የምትዘራው።

ሽቦ እግር፦
እማማ ያሉት በሙሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ዶቃውን ተዉት። ተነቅሎ አፍ ውስጥ ከገባ ያንቃል። በጥቁር ክር ቋጠሮ የተጠለፈ ዓይንም ያምራል።

ክርና መርፌ፦
እግዜር ይስጥልን እማማ፤ እርስዎ እንዳሉት መንቁሩን ለብቻው እሠራዋለሁ። ሕፃን የለንም፣ ዶቃው ይሆናል። የመሙያውን ቀዳዳ ሆዷ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቼዋለሁ። ስዘጋው ስፌቱ እንዳይታይ ምን ላድርግ?

እማማ ጥልፍ፦
ሁለቱን ዳሮች ወደ ውስጥ እጠፊ። መርፌውን በአንዱ እጥፋት ውስጥ ትንሽ አስኪጂና ፊት ለፊት ወዳለው እጥፋት ተሻገሪ። እንዲህ እየተመላለስሽ ሂጂ። ክሩን በየመሃሉ ሳቢው፣ ሁሉንም ለመጨረሻ አታቆዪ። ከመዝጋትሽ በፊት ግን ደረቷን አንዴ ጫን ብለሽ እዪው፤ ከጎደለ ጥጥ ጨምሪበት።